ሦስት ኮርስና አንድ ፊርማ

የያዙኝ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከኮሌጁ አጥር ጀርባ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሠላሳ ቅጂ አዝዤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ቆመ። ልጅቷ ክዳኑን ከፍታ ስትጎትት ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎችና አንድ ፖሊስ ገቡ። አንደኛው የተጨማደደውን ወረቀት ከእጇ ተቀብሎ በመዳፉ ዘረጋጋና አነበበው። ሲጨርስ "ያንተ ነው?" አለኝ። የኔ ነው አልኩት። የወጣውንም፣ የተነከሰውንም፣ ዋናውንም ሰበሰበና "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" አለ። ዣንጥላዬን ላንሳ ብል "ትመለስ የለ እንዴ" ብሎኝ ተውኩት።

ለጥያቄ የተባለው አርባ አንድ ቀን ፈጀ። መርማሪው የጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። የቀረውን ጊዜ ለምን እንደያዙኝ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ጣቢያዎቹ ሞልተው ስለነበር የወሰዱኝ ፉሪ ዳር ወዳለ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ሲሚንቶው ከወጣ ቆይቷል፤ አቧራው ግን ግድግዳው ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ የሰዎቹ ቅንድብ ላይ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። ቀጥሎ የባልዲው ሽታ መጣ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠው አየሁ። መስኮት የለም። ጣሪያው ላይ በአንድ ቆርቆሮ ፈንታ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ተመቷል፤ ቀን መሆኑን የምናውቀው በዚያ ነው።

የዚያ ቤት ደንብ አዲስ ገቢ ቆሞ ጉዳዩን እንዲያስረዳ ነው። ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት አለቃ፣ የግንባታ ፎርማን የነበረ ደንዳና ሰው ነው። ደንቡ ሁለት ጥቅም አለው ብሎኛል፤ ጆሮ ጠቢ ሲዋሽ ይያዛል፣ እውነተኛው ደግሞ ለቀኑ ወሬ ይሆናል።

"በምን ገባህ?" አለኝ።

"በፕሮባቢሊቲ።"

"እሱ ደግሞ የማን ፓርቲ ነው?" አለ አንዱ ከጥግ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያኔ ከሁሉም የተለየሁ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ በነገር፣ እኔ በቁጥር የታሰርኩ።

አስረዳኋቸው። ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ኮሌጃችን ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ የግድ የሚያልፋቸው ሦስት ኮርሶች አሉ። ድሮ ተማሪው ሦስቱንም በፈለገው ቅደም ተከተል ይወስዳል፤ የወደቀውን ይደግማል። አዲሱ መመሪያ አንደኛውን ሳያልፍ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ሳያልፍ ወደ ሦስተኛው የለም አለ። አንዱን የወደቀም ይሰናበታል። ዲኑ ስብሰባ ላይ "በየኮርሱ ከአምስት ተማሪ አራቱ ያልፋል፤ ስለዚህ ከአምስት አራቱ ይመረቃል" አለ። ተጨበጨበ። እጄን አውጥቼ ስሌቱ ልክ አይደለም አልኩ። በጽሑፍ አቅርብ ተባልኩ፤ አቀረብኩ። አራት መምህራን አብረውኝ ፈረሙ። ተማሪዎች ወረቀቱን አግኝተው ግቢው ውስጥ ለጠፉት። በማግስቱ አራቱም ፊርማቸውን ማንሳታቸውን በደብዳቤ አሳወቁ። አንደኛው ሚዜዬ ነበር። ደብዳቤውን አይቼዋለሁ፤ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የተያዝኩትም ያንኑ ጽሑፌን ሳባዛ ነው።

"አልገባኝም መምህር" አሉ ከግድግዳው ሥር ጋቢ የለበሱ አዛውንት። "እንደገና በለው።"

የፉሪ ተወላጅ ገበሬ ናቸው። ሁሉም አባባ ይላቸዋል። ወንድ ልጃቸው ሲፈለግ ስለታጣ በሱ ፈንታ የተያዙ ናቸው። መጋዘኑ የቆመበት መሬት ላይ አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን አልለወጡም፤ የመጸዳጃ ተራ ስንት ሰዓት እንደሆነ በሚነግሩበት ድምፅ ነው የነገሩኝ።

ከወለሉ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ለቅሜ ሃያ አምስቱን ደረደርኩላቸው። "እነዚህ ተማሪዎች ናቸው አባባ። አንደኛው ኮርስ ላይ ከአምስት አንድ ይወድቃል።" አምስቱን አነሳሁ፤ ሃያ ቀረ። ከሃያው አራቱን አነሳሁ፤ አሥራ ስድስት። ከአሥራ ስድስቱ ሦስቱን አነሳሁ። "አሥራ ሦስት ቀረ። ግማሹ አለቀ። ዲኑ ግን ሃያው አለ ይላል።"

አባባ ፍርፋሪውን ትኩር ብለው አዩት። "ሴቷ ልጄ ኮሌጅ ናት" አሉ።

ባለቤቴ ስምንት ወር አልፏት ነበር። በየቀኑ ከመካኒሳ አቦ ሁለት ታክሲ ይዛ፣ የቀረውን ኮረኮንች በእግሯ ወጥታ ስንቅ ታመጣልኛለች። አትገባም፤ አንተያይም። በሩ ላይ ግን ጠባቂው ፊት ከምግቡ መቅመስ አለባት፤ ምንም እንዳልተጨመረበት ማረጋገጫው ይሄ ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ አልጫ መምጣት ጀመረ። አልጫ እንደማልወድ ታውቃለች። ተቀየምኳት። እዚህ ተቀምጬ ወጥ እንኳ ሳትመርጥልኝ ብዬ ለካቦው አማኋት። ካቦው የአምስት ልጆች አባት ነው። "ሚስትህ ነፍሰ ጡር አይደለችም እንዴ? ቃር አላት። በርበሬ መቅመስ አትችልማ፣ አንተ ደንቆሮ" አለኝ። ያን ቀን አልጫውን ጠራርጌ በላሁ።

በስድስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ቢሮው ግቢው ውስጥ የቆመ ኮንቴይነር ነው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ትሑት ወጣት ነበር። እሱ እርስዎ ይለኛል፤ እኔ አንተ እለዋለሁ። ካስተማሪነቴ የተረፈኝ እሱ ብቻ ስለነበር ሙጭጭ አልኩበት።

በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ አቀረበልኝ። ከታች የኔ ስምና የፊርማ ቦታ አለ። ቁም ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ሆን ብዬ የተሳሳተ ስሌት በማዘጋጀት ተማሪዎችን ያነሳሳሁ መሆኔን አምናለሁ።"

"ይህን ቢፈርሙ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ" አለ። "ባለቤትዎን በር ላይ አይቻታለሁ። ቀኗ የደረሰ ይመስለኛል።"

"ስሌቱ ልክ ነው" አልኩት። "ወረቀት ስጠኝና እዚሁ ላሳይህ።"

"አውቀዋለሁ መምህር። እኔም የማታ ተማሪ ነኝ። ፕሮባቢሊቲ ወስጃለሁ፤ ሲ ነው ያገኘሁት።" አፈር አለ። "እስቲ ያስቡበት።"

ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። ልክ የሆነ ሰው መታሰር አይከብደውም። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ጥቂት ቀናት ደስ ብለውኝ ነበር። ሚዜዬን፣ ዲኑን፣ የጨበጨቡትን ሁሉ በሐሳቤ አንድ በአንድ እያስቆምኩ አሳፍራቸው ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከመጸዳጃ ተመልሰን ስንቀመጥ አባባ ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቤ መጡ። መዳፋቸው ውስጥ ሃያ አምስቱ ፍርፋሪ አለ። አልጣሉትም ነበር።

"መምህር፣ አትቆጣኝ እንጂ ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ።"

"ምኑ አባባ?"

"ጤፍ በወንፊት ስትነፋ በመጀመሪያው ብዙ እንክርዳድ ይወጣል። እንደገና ስትነፋው ግን ያን ያህል አይወጣም። መጥፎው ቀድሞ ወጥቷላ! አንተ ደግሞ ሦስቴ ነፍተህ ሦስቴም እኩል አወጣህ።" ከፍርፋሪው ትንንሾቹን ለይተው ወዲያ አደረጉ። "ሰነፉ ልጅ አንደኛው ላይ ቀርቷል። ሁለተኛው ላይ የደረሰው እኮ ጎበዙ ነው። እንዴት አድርጎ እንደበፊቱ ይወድቃል?"

ትንንሾቹን ከቀሩት ጋር መልሼ ልቀላቅል እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ጆሮዬ ድረስ ሲግለኝ ተሰማኝ።

በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር ነው፦ አንዱ ሌላውን የማይነካ ከሆነ ብቻ ይባዛል። ሁለቴ አሰምርበታለሁ። ይህን የሳተ ተማሪ አልምርም፤ በዚህ አንድ ጥያቄ ኤፍ የሰጠኋቸው አሉ። ከአምስት አራቱ ያልፋል የሚለው ቁጥር ደካማውም ጎበዙም ሦስቱንም አብሮ ከሚወስድበት ከድሮው ጊዜ የመጣ ነው። አንዱን የሚወድቀው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሌላውንም የሚወድቀው ያው ልጅ እንደሆነ የውጤት ወረቀቱን አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ስሞላ አይቻለሁ። አይቼም ሦስት ጊዜ ዝም ብዬ አባዛሁ። ለምን? ግማሽ የሚለው ቃል ስለጣፈጠኝ ነው። ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ ግማሹ ሊባረር ነው ማለት ያምራል።

ቀኑን ሙሉ የማስታውሰውን የውጤት ወረቀት በሐሳቤ እያገላበጥኩ ደግሜ ሠራሁት። ከመቶ ሰማንያው አንደኛውን ያልፋል። ከሰማንያው ሰባ ሁለት ያህሉ ሁለተኛውን ያልፋል። መጨረሻ ላይ ስልሳ ስድስት ገደማ ይቀራል። ዲኑ ያለው ሰማንያ ሐሰት ነው። እኔ ያልኩት ሃምሳም ሐሰት ነው። እውነቱ ከሦስት አንዱ ይባረራል የሚለው ነው።

ለካቦው ነገርኩት። ደስታው ልክ አልነበረውም። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ተሳስቻለሁ በልና ፈርመህ ውጣ እንጂ! እውነትህን እኮ ነው!" ሌሎቹም አንድ ላይ ውጣ፣ ውጣ አሉኝ። አንዱ ጫማዬን ሳይቀር አቀበለኝ። አባባ ግን ፍርፋሪውን ግድግዳው ሥር ይከምሩ ነበር። ጥፋተኛ የሆኑ ነበር የሚመስሉት።

ልፈርም ወሰንኩ። ይህንን አልደብቅም። ለተረኛው ጠባቂ ነግሬ መርማሪውን ያስጠራሁት ራሴ ነኝ። ግቢውን ሳቋርጥ ከአጥሩ ውጪ የስንቅ ሰልፍ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚታየው እግር ብቻ ነው። ባለቤቴ የኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር፤ እግሯ አብጦ የራሷ አልገባ ብሏት ነው። ጫማውን አወቅኩት። ቆሜ ሳይ ጠባቂው ጀርባዬን ገፋ አደረገኝ።

መርማሪው ወረቀቱን አቀረበ፤ እስክሪብቶውን አቀበለኝ።

"ስሌቱ ስህተት አለበት" አልኩት። "አግኝቼዋለሁ። ግን ሆን ብዬ አይደለም። 'ሆን ብዬ' የምትለዋን አውጣልኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ።"

ፊቱ በራ። ወረቀቱን አየው፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። "አልችልም መምህር። ከላይ ተጽፎ የመጣ ነው። አንድ ነጥብ እንኳ መቀየር አልችልም።"

"ሁለት ቃል እኮ ነው።"

"ሁለት ቃል ከሆነ ለምን ይጨነቃሉ? ይፈርሙና ወደ ባለቤትዎ ይሂዱ።"

ልክ ነኝ ብዬ ባምን ኖሮ እምቢ ማለት ቀላል ነበር፤ ቀድሞም አድርጌዋለሁ። አሁን ግን ተሳስቻለሁ፣ የሚሉትም ተሳስተሃል ነው። ኩራቴ የሚቆምበት ቦታ አጣ። የሚለየን ሁለት ቃል ብቻ ነው። ያን ወረቀት ከፈረምኩ ግን ስሌቱ በሙሉ ተንኮል ይሆናል፤ ከሦስት አንዱ የሚለውንም ከዚያ በኋላ ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም። የምፈርመው በራሴ ላይ ብቻ ቢሆን እፈርም ነበር።

"ንጹሕ ወረቀት ስጠኝ" አልኩት።

ሰጠኝ። ቀስ ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ሦስቱን ኮርሶች እርስ በርሳቸው እንደማይነካኩ አድርጌ ማባዛቴ ስህተት ነው፤ ስህተቱን ያሳዩኝ አብረውኝ የታሰሩ አንድ ገበሬ ናቸው፤ የታረመው ስሌት የሚከተለው ነው። መቶ፣ ሰማንያ፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ ስድስት። በአዲሱ መመሪያ ከሦስት ተማሪ አንዱ ይሰናበታል። ስሜን፣ ቀኑን፣ ፊርማዬን አኖርኩ። የተጻፈልኝን ገጽ ሳልነካ ወደሱ መለስኩት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። እንደገባው ከዓይኑ አወቅኩ። "መምህር፣ ይሄ ከበፊቱ የባሰ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "የበፊቱ ስህተት ነበረው። ይሄ የለውም።"

"ከፋይሉ ጋር አያይዝልኝ።"

"አያይዘዋለሁ" አለ። እንዳያያዘው አምናለሁ። በቀዳዳ መብሻ በስቶ ሲያስገባው አይቻለሁ።

ስመለስ ካቦው ዓይኔን አየና ጫማዬን መልሶ ከበሩ ሥር አኖረው። አባባ "ታዲያ ምን አልካቸው?" አሉ። "ስህተቴን አርሜ ጻፍኩላቸው አባባ። እርስዎም አሉበት።" አልተደሰቱም። "ሚስትህስ?" አሉኝ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስንቁ ቀይ ወጥ ሆኖ መጣ። ክዳኑን ስከፍት በርበሬው ሸተተኝ። ሌላ ሰው እንደቀመሰው ያወቅኩት በዚያ ነው። የባለቤቴ እህት ነበረች። ጠባቂውን ለምና "ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው" የሚል ቃል አስላከችልኝ። ካቦው እልል ሊል ቃጥቶት በእጁ አፉን ያዘ። ወጡን ለሁሉም አከፋፈልኩ። እኔ አልቀመስኩም።

በአርባ አንደኛው ቀን ስሜን ጠርተው ዕቃህን ያዝ አሉኝ። ክስ የለም፣ ማብራሪያ የለም። አባባን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ። ተፈትተዋል ሲባል ሰምቼ አንድ ቀን ፉሪ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ቤታቸው ነበር በተባለው ቦታ ላይ የቆመው ፎቅ ገና ልስኑ አልደረቀም። የሚያውቃቸው አላገኘሁም።

ኮሌጁ አልመለሰኝም። አሁን በየሰው ቤት እየዞርኩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ። ሚዜዬ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኗል። ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ስትወለድ ለምን እንዳልነበርኩ አንድ ቀን ትጠይቀኛለች፤ በሁለት ቃል ምክንያት ብላት ይገባት ይሆን? አንዳንድ ቀን ለኔም አይገባኝም። ባለቤቴ በነገሩ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ወር መካኒሳ ከማስጠናው ልጅ ቤት ወጥቼ አንድ ዳቦ ቤት ገባሁ። ነጭ ኮፍያ ያደረገች ወጣት ዳቦውን በላስቲክ እየከተተች ቀና ብላ አየችኝ።

"መምህር፣ ረሱኝ አይደል? አንደኛ ዓመት አስተምረውኛል።"

ረስቻታለሁ። "የት ደረስሽ?" አልኳት፤ የማይጠየቅ ጥያቄ መሆኑ የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"ሁለተኛው ኮርስ ላይ ቀረሁ። በሦስት ነጥብ።" ላስቲኩን ቋጠረች። "እርስዎ ግማሹ ይባረራል ብለው ነበር አይደል? ዲኑ ምረቃው ላይ አንስተውታል አሉ። 'ግማሹ ይቀራል ብለው ያስፈራሩን ነበሩ፤ ይኸው ቁጠሩ' ብለው። ተጨበጨበ አሉኝ።"

"ተሳስቼ ነበር" አልኳት። "የሚባረረው ከሦስት አንዱ ነው። አርሜ ጽፌዋለሁ።"

"የት?"

"ፖሊስ ጋ።"

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ እሷ ግን አልቸኮለችም። በጣቷ የምትቆጥር ይመስል ነበር።

"በኛ ሴክሽን ሃምሳ አንድ ነበርን። አሥራ ሰባታችን ተባረርን" አለች። "ልክ ነበሩ እንግዲህ መምህር።"

ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት አራት ዓመት ሙሉ ስመኝ ኖሬያለሁ። ከሷ መስማት ግን አልፈለግኩም ነበር።